ግብርና ደረሰኝ

ሰብል ሲደርስ ደስታ ነው። አጋሮ ላይ ቡና በደረሰበት ወር ልብስ ሰፊው እስከ እኩለ ሌሊት ይሠራል፤ የሠርግ ቀን ይቆረጣል፤ ክረምቱን በዱቤ ሲሸጥ የከረመው ባለሱቅ ደብተሩን ያወጣል። «ደረሰ» የሚለውን ቃል የሚጠላ የቡና ሰው አላጋጠመኝም። ይኸው ቃል የዩኒቨርሲቲ አጥር ሲሻገር ግን ይገለበጣል። የትምህርት ክፍል ምደባ በተለጠፈ ማግስት «ምን ደረሰሽ?» ትባላለች ተማሪዋ። «ግብርና ደረሰኝ» ስትል ድምጿ የለቅሶ ቤት ድምፅ ነው። የሚያጽናናም አይጠፋም፦ «አይዞሽ፣ ትቀይሪያለሽ።»

ጅማ ውስጥ ጀበና ቡና ከሚሸጥበት አንድ ደጅ ተቀምጬ ይህን ንግግር በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ልጅቷ ከጎማ ወረዳ የመጣች ናት፤ አባቷ ቡና አለው። ዜናውን በስልክ ስትነግረው የመለሰላትን ለጓደኞቿ ደገመችላቸው፤ እየሳቀች፣ ግን ዐይኗ እንባ አቅርሮ፦ «ቡናዬን ሸጬ የላክሁሽ ቡና ልትማሪ ነው እንዴ?» ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ኋላ ግን ሳቁ አልወረደልኝም። ሰውየው አላጠፋም። ትምህርት ማለት ከማሳ መውጫ በር ነው ብለን ያሳመንነው እኛው ነን። ልጁ በዚያው በር ተመልሶ ሲገባ ቢያይ ምን ይበል?

የምሟገተው ከዚህ እምነት ጋር ነው። ግብርና የአንድ ትምህርት ክፍል፣ ለዚያውም ውጤት ያነሳቸው የሚመደቡበት ክፍል ጉዳይ ነው፤ የቀረው ተማሪ ደግሞ «ዘመናዊውን ኅብረተሰብ» ያጠናል ይባላል። በዐዋጅ የደነገገው የለም። የወላጅ ምኞትም፣ የተማሪ ምርጫም፣ የመንግሥት መርሐ ትምህርትም ግን በዚህ ላይ ቆመዋል።

የፍሬሽማን ኮርሶችን ዝርዝር ተመልከቱ። ለዓመታት ቀርቶ የነበረው የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ትምህርት በ2012 ዓ.ም. ሲመለስ ሐሳቡ መልካም ነበር። ሐኪም ሊሆን የመጣውም፣ ሕግ ልትማር የመጣችውም ወደየሙያቸው ከመግባታቸው በፊት ስለ ሀገርና ስለ ዓለም የጋራ መሠረት ይያዙ ተባለ። በዝርዝሩ ሎጂክ አለ፤ ሳይኮሎጂ አለ፤ አንትሮፖሎጂ፣ ኢኮኖሚክስ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ፣ ጂኦግራፊ፣ ግሎባል ትሬንድስ፣ ኢንክሉሲቭነስ፣ ኢንተርፕረነርሺፕ፣ የሥነ ምግባርና የዜግነት ትምህርት አለ። ስፖርት እንኳ አልተረሳም። ተማሪዎች «ኢመርጂንግ» ብለው የሚያቆላምጡት ደግሞ አለ፤ ስለ ዳታ ሳይንስ፣ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ በኢንተርኔት ስለተሳሰሩ ዕቃዎች ይማሩበታል። ግብርናና ኅብረተሰብ የሚል የለም። አብዛኛው ሠራተኛዋ በእርሻ በሚኖርባት ሀገር፣ ሁሉም ሊያውቀው ይገባል ተብሎ ከተዘረዘረው ውስጥ የቀረው ሁሉም የሚበላበት ነገር ነው።

«ጂኦግራፊው ውስጥ አለ» እንደምባል አውቃለሁ። አለ፤ ስለ ኢኮኖሚ እንቅስቃሴዎች በሚያወራው ምዕራፍ፣ ከሌሎቹ ዘርፎች ጋር ተሰልፎ። እዚያ ግብርና የሚወሳው እንደ ወንዝና እንደ ተራራ ነው፦ የት የት ይገኛል፣ ምን ያህል ነው፣ ምን ችግር አለበት። ማን ወሰነ፣ ማን ተጠቀመ፣ ማን ከፈለ የሚሉት ጥያቄዎች በአንድ ምዕራፍ ጥግ አይስተናገዱም።

ሁለተኛው መልስ ይበልጥ ያናድደኛል። «አብዛኛው ተማሪ የገበሬ ልጅ ነው፤ ምን ይነገረዋል?» ይላሉ። እውነት ነው፤ የገራ ወይም የሊሙ ልጅ ጀንፈል መድረቁን ለማወቅ መሣሪያ አያሻውም። ዘግኖ ጆሮው አጠገብ ያንኳኳዋል፤ ፍሬዋ ቅርፊቷ ውስጥ ከጮኸች ደርቃለች። ይህን ዕውቀት ግን ክፍል ውስጥ የጠየቀው መምህር የለም። ልጁም ቢሆን ጀንፈሉ ከሰብሳቢው ሚዛን ላይ ከወረደ በኋላ ምን እንደሚሆን አያውቅም። አጠገቡ የተቀመጠው የአዲስ አበባ ልጅ ደግሞ የሚያውቀው ማኪያቶውን ነው። ሁለቱ ዓመቱን ሙሉ በአንድ ዴስክ ይቀመጣሉ። አንዱ የቡናውን መነሻ፣ ሌላው መድረሻውን ይዟል፤ ይህንን የሚለዋወጡበት አንዲት ክፍለ ጊዜ አልተመደበችላቸውም።

እስቲ ቋንቋችንን እንጠይቀው። ግብር፣ ገባር፣ ገበሬ፣ ግብርና፣ ምግባር የአንድ ሥር ቅርንጫፎች ናቸው። በግእዝ ገብረ ማለት ሠራ ማለት ነው። ተማሪው ሥነ ምግባርን አንድ ሴሚስተር ይማራል፤ የቃሉ ወንድም ደጅ ቆሟል። «ገባር» የሚለውን ቃል ብቻ ይዞ፣ ሠሪና ከፋይ በአንድ ስም የተጠሩበትን የሀገር ታሪክ ማስተማር ይቻል ነበር። በኋላ «ገበሬ» ስድብ እየሆነ ሲያስቸግረን መፍትሔው ስም መቀየር መሰለንና «አርሶ አደር» አልነው። ለጅማ ይህም ልኳ አይደለም። የበቆሎና የጤፍ ማሳ ባይጠፋም ቡና አይታረስም። ይመነጠርለታል፣ ይኮተኮታል፣ የጥላው ዛፍ ይሳሳለታል፣ ያረጀው ይጎነደላል። የሞፈርና የቀንበር አገር የሰጠውን ስም ዋንዛና ሰሳ ሥር ለሚውል ሰው አለበስነው። ኦሮምኛው ቆቴ ቡላ ሲል መቆፈርንም ማረስንም አቅፎ ለቡናው ሰው ይበልጥ ይቀርበዋል። የስም ጉዳይ ተብሎ የሚናቅ አይደለም፤ ፖሊሲ የሚጻፈው በዚሁ ቃል ነው።

ጅማ ላይ ነገሩ የሚብስበት ምክንያት አለ። አምቦ ቀድማ ብትከፍትም፣ ዘመናዊ የግብርና ትምህርት ሥር ከያዘባቸው ቦታዎች ጅማ ዋናዋ ናት። የጅማ የግብርናና የቴክኒክ ትምህርት ቤት በ1945 ዓ.ም. የተከፈተው ከኦክላሆማ ኮሌጅ ጋር በተደረገ ውል፣ ፖይንት ፎር በተባለው የአሜሪካ እርዳታ ነው። የዓለማያ ኮሌጅ የመጀመሪያ ተማሪዎች እንኳ የሐረርጌው ግቢ እስኪዘጋጅ ትምህርታቸውን የጀመሩት እዚሁ ነበር። የኦክላሆማው ኮሌጅ ራሱ የበቀለው እ.ኤ.አ. በ1862 ከወጣው የአሜሪካ የመሬት ስጦታ ሕግ ነው። ሕጉ እርሻና የእጅ ሙያ ይማሩ ሲል፣ ሌላው ሳይንስም ሆነ የጥንቱ ሥነ ጽሑፍ ከዚህ አይቅር ብሎ ነበር። የሠርቶ አደሩ ልጅ ሙያውንም ዜግነቱንም በአንድ ጣራ ሥር ይማር ማለት ነው። (ለኮሌጆቹ የተሰጠው መሬት ከቀደምት ሕዝቦች የተነጠቀ መሆኑ ሌላ ትምህርት ነው።) ከዚህ ሐሳብ ወደ እኛ የተሻገረው ግማሹ ነው። ዘሩ መጣ፣ ማረሻው መጣ፣ ማዳበሪያው መጣ፤ ግብርናን ከሌላው ዕውቀት ጋር ያስተሳሰረው ግማሽ እዚያው ቀረ።

የመጣውም ግማሽ እንዳለ አልቆየም። ገበሬውን የማማከሩ ሥራ፣ ኤክስቴንሽን፣ እ.ኤ.አ. በ1963 ከዓለማያ ወጥቶ ለግብርና ሚኒስቴር ተሰጠ። ከሦስት ዓመት በኋላ የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት ሲቋቋም ምርምሩ በአብዛኛው ወደዚያ ሄደ። ለኮሌጆቹ ማስተማሩ ተረፋቸው። ዛሬ ከጅማ በአጋሮ መንገድ ስትወጡ መልኮ ላይ የምርምር ማዕከሉን ታገኛላችሁ፤ ኮሌጁ ከኋላችሁ ከተማው ውስጥ ነው፤ የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ደግሞ ከፊታችሁ። በአንድ መንገድ ላይ ናቸው፤ አለቆቻቸው ግን ለየብቻ ናቸው።

መልኮን ካነሳሁ አይቀር እዚያ ትንሽ ልቆይ፤ ለዚህ ክርክር ከዚያ የተሻለ ምስክር የለኝም።

የቡና ፍሬ በሽታ ወደ ኢትዮጵያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። ፍሬው ገና አረንጓዴ ሳለ ጠቁሮ ይረግፋል። ኬንያ ከ1920ዎቹ ጀምሮ ታውቀው ነበርና የእርሻ ባለቤቶቿ መድኃኒት ይረጩ ነበር። እዚህ ግን ቡናው በጓሮና በጫካ፣ በትልልቅ ዛፎች ሥር የቆመ ነው፤ ባለቤቱም ለመርጫ የሚተርፍ ገንዘብ የለው። ሮቢንሰንና ቫን ደር ግራፍ የተባሉት የፋኦ ባለሙያዎችና ኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ሌላ መንገድ ያዙ። በሽታው ባወደመው ቡና መካከል እየዞሩ ፍሬዋን ይዛ የቆመችውን ዛፍ ፈለጉ። በርካታ እንዲህ ያሉ ዛፎች ተገኙ፤ ብዙዎቹ በመቱ ዙሪያ፣ በያኔው ኢሉባቦር። ዘራቸው መልኮ መጥቶ ተፈተነ፣ ተባዛ። ዛሬ የቡና አብቃዩ ሁሉ በቃሉ የሚያውቃቸው ቁጥሮች ከዚያ የወጡ ናቸው፦ 741፣ 74110፣ 74112፣ 74148፣ 74165። ከፊት ያለው 74 የተመረጡበት ዓመት ነው፤ እ.ኤ.አ. 1974።

በሌላ አገር ቢሆን ለዚህ ሥራ ሐውልት ይቆም ነበር። ምርምር ሀገሩን በአጭር ጊዜ ከጥፋት ያዳነበት፣ ያውም ኬሚካል ሳይሆን ብዝኃ ሕይወትን ተመርኩዞ ያሸነፈበት ታሪክ ነው። ግን ቁጥሩን ደግሜ ላንብበው፦ 74110። ዓመቱ አለ። ተራ ቁጥሩ አለ። ዛፏ የቆመችበትን ጓሮ ወይም ጫካ ለትውልድ ሳይቆርጥ የጠበቀው ሰው ስም የለም። ዘሩ ከገበሬው አገር ወደ ምርምር ጣቢያ ሄደ፤ ሲመለስ «የተሻሻለ ዝርያ» የሚል ስም ይዞ፣ ገበሬው ተቀባይ፣ ባለሙያው ሰጪ ሆነው ነው። የግብርና ተማሪው ስለ እነዚህ ዝርያዎች ሲማር የሚነገረው የመመለሻውን ግማሽ ነው። የመሄጃውን ግማሽ ማን ያስተምረው? የታሪክ ክፍሉ የቡና በሽታ አያገባኝም ይላል፤ የዕፅዋት ክፍሉ ታሪክ አያገባኝም ይላል።

ክፉ ጎኑም መነገር አለበት። ገበሬው ጥቂት ቁጥሮችን በስፋት በተከለ ቁጥር በየጓሮው የነበረው ልዩ ልዩ ዘር እየሳሳ ነው። ነገ ሌላ በሽታ ቢመጣ የምትተርፈውን ዛፍ የት ሄደን እንፈልጋታለን? ጎማ ውስጥ፣ ጮጬ ላይ፣ በቡና መገኛነቷ በምትነገርላት ቀበሌ፣ ከ5 ሺህ በላይ የቡና ናሙናዎች በማሳ ላይ ተተክለው የሚጠበቁበት የዘር ባንክ አለ። የካልዲን ተረት ለመስማት ጮጬ የሚሄደው ብዙ ነው፤ ከተረቱ ይልቅ እነዚያ ዛፎች ይገርማሉ። ወደ ውጭ የሄደውስ? ከጌሻ ጫካ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የተወሰደ ዘር በኬንያና በታንዛኒያ አልፎ በ1953 ኮስታሪካ ገባ፤ ከዚያ ፓናማ፤ እዚያም በ2004 በውድድር አንደኛ ወጥቶ የዓለም ውድ ቡና ሆነ። ይህ የባዮሎጂ ጥያቄ ነው? የሕግ? የንግድ? የሁሉም ስለሆነ የማንም ሳይሆን ቀርቷል።

አሁን ከጫካው እንውጣና ብረት እንመልከት። እስከ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ድረስ በቡና ገበያ ውስጥ ሁሉም የሚያውቀው፣ ግን በክፍል ውስጥ ብዙም የማይነገር አሠራር ነበር። ዶላር በባንክ አይገኝም ነበር። ዶላር የሚያገኘው የላከ ነበር። ስለዚህ ብረት ወይም መኪና ማስመጣት የሚፈልግ ነጋዴ ቡና ላኪ ይሆን ነበር፤ ቡናውን ከዓለም ዋጋ በላይ እዚህ ገዝቶ፣ እዚያ በኪሳራ ሸጦ፣ ኪሳራውን ከውጭ ባስገባው ዕቃ ላይ ይጭነው ነበር። አዲስ አበባ ላይ የቆሙት ፎቆች አርማታ ውስጥ የጎማና የማና ቡና አለ ብል የቃላት ጨዋታ አይደለም፤ ሒሳብ ነው። «ዘመናዊ ኅብረተሰብ» የምንለው ራሱ በእሸት ቡና ተገዝቷል። አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ለማግኘት አምስት ስድስት ኪሎ እሸት ይለቀማል፤ በጣት፣ አንድ በአንድ። ሲቪል ምሕንድስና የሚማረው ልጅ ይህን ሳያውቅ ይመረቃል፤ አስተማሪውም ሳያውቀው አስተምሮት ይሆናል።

የዋጋውም ታሪክ እንዲሁ ነው። አገሮች በኮታ ተስማምተው ዋጋ ይደግፉበት የነበረው የዓለም ቡና ስምምነት በ1981 ዓ.ም. ፈረሰ። እ.ኤ.አ. በ2001 መጨረሻ ዋጋው በፓውንድ ከ50 ሳንቲም በታች ወረደ፤ ቡና ነቅሎ ጫት የተከለ ገበሬ በዚያ ጊዜ ሞኝ አልነበረም። በየካቲት 2017 ዓ.ም. ደግሞ ኒው ዮርክ ላይ ከ4 ዶላር በላይ ወጥቶ ክብረ ወሰን ሰበረ፤ ሀገሪቱም በዚያው በጀት ዓመት ከቡና 2 ነጥብ 65 ቢሊዮን ዶላር አገኘች። ግሎባል ትሬንድስ የሚለውን ኮርስ ከዚህ ውጪ በምን ማስተማር እንደሚሻል አላውቅም። ትምህርቱ ግን ስለ ዓለም አቀፍ ግንኙነት ሲያወራ ገበሬው ገና ዓለምን ሊቀላቀል በመንገድ ላይ ያለ ይመስላል። የጅማ ገበሬ ከዓለም ገበያ ጋር የተዋወቀው የዛሬው ተማሪ፣ አባቱም አያቱም ሳይወለዱ ነው። ጅማ ውስጥ፣ ሂርማታ ላይ፣ በአባ ጅፋር ዘመን የነበረው ገበያ የሩቅ ነጋዴ የሚጎርፍበት ነበር።

«ጅማ» የሚለው ስም ራሱ አንድ ሙሉ ሳምንት የሚያስተምር ነው። ሲዳሞ፣ ይርጋጨፌና ሐረር በዓለም ገበያ የክብር ስም ሲሆኑ፣ ኢትዮጵያም ስማቸውን በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ከስታርባክስ ጋር ተሟግታ በ2007 እ.ኤ.አ. ስትስማማ፣ ጅማ የርካሽ ደረቅ ቡና መጠሪያ ሆና ቆይታለች፤ «ጅማ 5» ማለት የውጭ ገዢ ለመደባለቂያ የሚፈልገው ማለት ነበር። ቡናው ክፉ ስለሆነ አልነበረም። እሸቱ ካልበሰለው ጋር ተለቅሞ፣ መሬት ላይ ተሰጥቶ ይደርቅ ስለነበር ነው፤ ለጥንቃቄ የሚከፍል ስላልነበረ ደግሞ ማንም አይጠነቀቅም። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያ ምርት ገበያ በኩል እንዲሸጥ ሲደረግ፣ ከማኅበራትና ከትልልቅ እርሻዎች በቀር የሁሉም ቡና በደረጃ ተደባልቆ የባለቤቱ ማንነት መጋዘን በር ላይ ይቀር ነበር፤ ይህን ያላላው አዋጅ ቁጥር 1051 በ2009 ዓ.ም. እስኪወጣ ድረስ። በዚያ መካከል አጋሮ አጠገብ በ2010 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የዱሮሚና ማኅበር ማጠቢያ ተክሎ፣ እሸቱን ብቻ ለይቶ፣ በማድረቂያ አልጋ ላይ አድርቆ በሁለት ዓመት ውስጥ በአፍሪካ ቡናዎች ውድድር አንደኛ ወጣ። ዛፉ ያው፣ አፈሩ ያው፣ ሰዉም ያው ነው። የተለወጠው አዘገጃጀቱና የገበሬው ድርሻ ነው። «የገበሬው ኋላ ቀርነት» እያልን ለሃምሳ ዓመት ያስተማርነው ነገር በሁለት የለቀማ ወቅት ሐሰት ሆነ።

እዚህ ላይ የሚመጣውን አውቃለሁ፤ ገበሬውን ማሞገስ። «የኢኮኖሚያችን የጀርባ አጥንት» ይባላል በየመክፈቻ ንግግሩ። ሰው የጀርባ አጥንቱ ትዝ የሚለው ሲያመው ነው። የምጠይቀው ኮርስ ሙገሳ አይደለም፤ ሙገሳ እንዲያውም ካለማወቅ ጋር በደንብ ይኖራል። የሂርማታ ገበያ የባሪያ ገበያም ነበር፤ ይህ ይነገር። በየዓመቱ ከዳውሮና ከከምባታ ለለቀማ የሚመጣው ሰው የት ያድራል፣ በኪሎ ስንት ይከፈለዋል፣ ልጁስ በዚያ ወር ትምህርት ቤት ይገባል ወይ ተብሎ ይጠየቅ። ቡናው የሚሸጠው በባል ስም ሆኖ፣ ማድረቂያ አልጋው አጠገብ ቆማ የምትለቅመው፣ የምታገላብጠው ሚስቲቱ የምትሆነው ለምንድን ነው? በደርግ ዘመን የተቋቋሙት፣ ኋላ ወደ ግል የተዛወሩት የሊሙ እርሻዎች የቆሙበት መሬት የማን ነበር? ክርክር የሌለበት የግብርና ኮርስ የቡና ማስታወቂያ ነው።

አንድ ጊዜ በዚህች ሀገር ግብርና የሁሉም ፋኩልቲ ጥያቄ ሆኖ ያውቃል። በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ የወጡት የግብርና ተማሪዎች ብቻ አልነበሩም፤ የሕጉም፣ የታሪኩም፣ የምሕንድስናውም ልጅ ነበረበት። ከአሥር ዓመት በኋላ መሬቱ ታወጀ፣ ወደ 60 ሺህ የሚጠጋ ተማሪና መምህርም በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ተላከ። ያ ትውልድ ብዙ ተሳስቷል። ትልቁ ስሕተቱ ለእኔ ሊያስተምር ሄዶ መማሩን መርሳቱ ነው። ጥያቄው ግን ትልቅ ነበር። የልጅ ልጆቹ ጥያቄውንም ትተውታል፤ በእሱ ቦታ «ምደባ ልቀይር» የሚል ማመልከቻ አለ።

ዛሬ ያ ጥያቄ በብራስልስ በኩል ተመልሶ መጥቷል። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ደንብ መሠረት ከ2020 መጨረሻ በኋላ ከተመነጠረ ጫካ የተገኘ ቡና ገበያው አይገባም፤ እያንዳንዱ ማሳም በካርታ ላይ መገኛ ነጥቡ ይታወቅ። የማስጀመሪያው ቀን ቢገፋም ሥራው ገራና ጎማ ድረስ ወርዷል። ሕግ ተማሪ ሆይ፣ በዋንዛ ጥላ ሥር ያለ ቡና በደንቡ ቋንቋ ጫካ ነው ወይስ እርሻ? የኮምፒውተር ተማሪ ሆይ፣ ግማሽ ሄክታር በሦስት ቦታ የተቆራረሰበትን ገበሬ መረጃ የሚይዘው ማን ነው፣ መረጃውስ የማን ንብረት ነው? የአካውንቲንግ ተማሪ ሆይ፣ የልኬታውን ወጪ ማን ይክፈል፣ ላኪው፣ ማኅበሩ ወይስ ባለማሳው? ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂ ይሉሃል ይህ ነው፤ በመማሪያው ውስጥ እርሻ የሚነሳው ግን ለስማርት ዕቃዎች ማሳያ ሆኖ ነው።

ጅማ ለዚህ መሣሪያው በእጇ አለ። በ1983 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ኅብረተሰብ ተኮር ትምህርት የሚባለውን መርሕ በሀገሪቱ ያስተዋወቀ ነው። ኢንስቲትዩቱና የግብርና ኮሌጁ ተዋሕደው በ1992 ዓ.ም. ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሲመሠረትም መርሑ ለሁሉም ተረፈ፤ ተማሪዎች መጠይቅ ይዘው ለሳምንታት በቡድን ወደ ቀበሌ ይወጣሉ። ትልቅ ሀብት ነው፤ እኔ ግን መጠይቁ ላይ ጥያቄ አለኝ። መጠይቅ ይዞ የሚሄድ ሰው መልሱ በሳጥን ውስጥ የሚገባውን ብቻ ይሰማል። መጸዳጃ ቤት አለ፣ የለም። ውኃው ከየት ነው። ችግሩ ምንድን ነው። ቤቱ የተገነባበት ዓመት የቡና ዋጋ የጨመረበት መሆኑን፣ ጓሮው ውስጥ ያለው ቁጥር አልባ ቡና ከየት እንደመጣ፣ ሴትየዋ ለምን ጀንፈሉን ለነገ እንዳስቀረች የሚጠይቅ ሳጥን የለም። አንድ ተማሪ ከዚያ ቀበሌ ተመልሶ «ችግር ለይቻለሁ» ይላል። «የማላውቀውን ለይቻለሁ» የሚል ግን አይገኝም።

የሰዓት ጥበት እንደ ምክንያት ይነሳል፤ ኮርስ በዝቷል ይባላል። በዝቷል፤ ታዲያ ከተደረደሩት ውስጥ ግብርናን ይዞ ሊሰጥ የማይችለው የትኛው ነው? ኢኮኖሚክሱን በቡና ዋጋ፣ አንትሮፖሎጂውን በለቃሚዎች ሰፈር፣ ታሪኩን በጊቤ መንግሥታት ገበያ፣ ሎጂኩን «የተሻሻለ ዝርያ» በሚለው ቃል መጀመር ይቻላል። እኔ ግን ራሱን የቻለ ኮርስ እመርጣለሁ፤ በየኮርሱ ይካተት የተባለ ነገር የት እንደሚሄድ ከልምድ እናውቃለን።

መምህሩም ከአንድ ክፍል አይምጣ። የግብርናው መምህር፣ የታሪኩ መምህር፣ ሦስተኛው ደግሞ የማጠቢያ ጣቢያ ሠራተኛ ወይም የማኅበር ሊቀመንበር ይሁን፤ ክፍያውም እንደ እንግዳ ሳይሆን እንደ መምህር ይታሰብለት። ይህን ስል ፋይናንስ ክፍሉ «በየትኛው የትምህርት ደረጃ?» ብሎ እንደሚጠይቅ ይታየኛል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ኮርሱ የመጀመሪያውን ሳምንት በዚያ ጥያቄ ሊያሳልፍ ይችላል።

ወቅቱንም አስቤበታለሁ። እሸት ቡና በጅማ ዙሪያ የሚለቀመው በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው፤ የተለመደው የትምህርት ዘመን ሲሄድ አንደኛው ሴሚስተር በዚያው ላይ ይወድቃል። አውቶቡስ ከጅማ ወደ አጋሮ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ለምን ማጠቢያ ጣቢያ ደጅ፣ ማታ፣ ለቃሚዎች በሚሰለፉበት ሰዓት አይሆንም? ያቺ የጎማ ልጅ ከፊት ትቁም፤ እሸቱንና ያልበሰለውን ለጓደኞቿ በጣቷ ትለይላቸው። ከዚያ ሁሉም ሚዛኑ ጋ ተሰልፈው ቁጥሩን በየደብተራቸው ይጻፉ፤ ስንት ኪሎ፣ በስንት ብር፣ በማን ስም።